ጠዋት ደክሞኝ የምነሣው ከእንቅልፉ ነው፣ ከምግቡ ነው ወይስ ከጤናዬ?

መምህርት ዘማርቆስ (ደብረ ማርቆስ)

የዚህ መድረክ ወንድሞችና እህቶች፣ ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ላማክራችሁ የፈለግሁት ብዙ ሰው እንደ ሕመም ስለማይቆጥረው፣ እኔም ለሐኪም ለመናገር ስላፈርሁበት ድካም ነው። አልተኛሁም እንዳልል እተኛለሁ፤ አልበላሁም እንዳልል እበላለሁ፤ ነገር ግን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስነሣ ሌሊቱን ያረፍሁ አይመስለኝም። ከሰዓት በኋላ ባሉት ክፍለ ጊዜያት ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት እንደቆምሁ ሐሳቤ ይቋረጥብኛል። ማታ ልጆቹን አስተኝቼ፣ የተማሪዎችን ደብተር አርሜ ጋደም ስል ደግሞ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያንገላታኝ የዋለው እንቅልፍ ይሸሸኛል።

ባልደረቦቼን ሳማክር ግማሾቹ ቫይታሚን ከፋርማሲ ግዢ ይሉኛል፤ ግማሾቹ ጾሙን ይከሳሉ። አክስቴ የሰው ዓይን ነው ብላ ጠበል እንድጠመቅ መክራኛለች። ጠበሉን አልናቅሁትም፤ ከእሱ ጋር ግን በአኗኗሬ ምን ባስተካክል ድካሙ እንደሚቀልልኝ፣ ሐኪም ዘንድስ መቼ መሄድ እንዳለብኝ ማወቅ እፈልጋለሁ። የምታውቁ ብታካፍሉኝ ውለታችሁ አይረሳኝም።

ነጋዴው (ቢቸና)

እህቴ፣ አይቀየሙኝና ይህ ድካም የሚባለው ነገር የከተማ ኑሮ ያመጣው ነው። እናቶቻችን ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥተው በእጅ ወፍጮ ፈጭተው፣ ውኃ ከወንዝ ቀድተው፣ እንጀራ ጋግረው፣ እርሻ ቦታ ድረስ ምሳ አድርሰው ሲመለሱ አቦል፣ ቶና፣ በረካውን በሥርዓቱ ያፈሉ ነበር፤ «ደከመኝ» ሲሉ ግን አልሰማንም። እርስዎም ጠዋት፣ ከምሳ በኋላና ማታ ጥሩ ቡና ይጠጡ። ቡና ያላነቃውን ሰው እስካሁን አላየሁም።

ነርስ (ፍኖተ ሰላም)

ጋሼ ስለ እናቶቻችን ብርታት የጻፉትን አከብራለሁ፤ «ደከመኝ» ሲሉ ያልሰማናቸው ስላልደከሙ ነው የሚለውን ለመቀበል ግን ይከብደኛል። ደማቸው አንሶ፣ ዳገት ሲወጡ ልባቸው እየመታ፣ ዓመታት ሙሉ ማንም ሳይጠይቃቸው የኖሩ እናቶች እኔ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ ዛሬም ይመጣሉ። የሚመጡትም ብዙ ጊዜ ለራሳቸው ብለው አይደለም፤ የታመመ ልጅ ይዘው መጥተው የዓይናቸውን ቆብ ገልጠን ስናይ ነው የምናውቀው።

እህቴ መምህርት፣ ጥያቄዎ የሚያሳፍር አይደለም። ዕረፍት የማያስወግደው ድካም ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ልማድን ማስተካከሉ እንዳለ ሆኖ፣ መመርመር ያስፈልጋል። በእርስዎ ዕድሜ ባለች ሴት በመጀመሪያ የምንጠረጥረው የደም ማነስን ነው፤ በተለይ የወር አበባዋ ብዙ የሚፈስ ወይም አከታትላ የወለደች ከሆነች። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) በዴሲሊትር ከ12 ግራም በታች ሲሆን ደም አንሷል ይላል። ይህ መነሻ ግን ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ነዋሪ የተቀመጠ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እንዲህ ባለ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ ይሠራል፤ ስለዚህ መነሻው ከ1 ግራም በላይ ከፍ ተደርጎ መታየት አለበት። ውጤቷ 12 ከምናምን የሆነ የማርቆስ ሴት «ደህና ነሽ» ተብላ ብትሸኝ፣ ድካሟ ምክንያት እያለው ምክንያት የለሽ ይሆንባታል።

ሁለተኛው አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ነው። በጎጃም ደጋ እንቅርት እንግዳ ነገር አለመሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ምክንያቱም በአፈሩና በውኃው ያለው አዮዲን አነስተኛ መሆኑ ነው። ዕጢው ሥራውን ሲያዘገይ ሰው ይደክመዋል፣ ብርድ አይችልም፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ሳይበላ ይወፍራል። ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ወጥቷል፤ ሆኖም ጨውን ክፍት አድርጎ ምድጃ ዳር ማስቀመጥና ወጡ ገና ሲጣድ ጨምሮ ማንተክተክ አዮዲኑን ያባክነዋል። ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ምንም ወጪ የለውም።

ከድካሙ ጋር ውኃ ጥምና ሽንት ማብዛት ካለ ስኳር ይታያል፤ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለ የሳንባ ነቀርሳ ይመረመራል። እንደ እኛ ፍኖተ ሰላም ባለ ወባማ ቦታ የኖረ ወይም ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የተመለሰ ሰው ብርድ ብርድ ካለው ወባን መርሳት አይገባም። በመጨረሻ ደግሞ፣ ቀድሞ ደስ ይለው የነበረ ነገር ሁሉ የሰለቸውና ጠዋት መነሣት ያስጠላው ሰው ድብርት ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ይህም በሕክምና የሚድን ሕመም ነው፤ ስንፍና ብለን የምናልፈው ነገር አይደለም።

መምህርት ዘማርቆስ

እህቴ ነርስ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትኩሳትም ሳልም የለኝም፤ ብርዱ ግን ከሌሎች ይልቅ ይሰማኛል፣ ዳገት ስወጣም ይደክመኛል። በዚህ ሳምንት እመረመራለሁ። ስለ ዕለት ልማዴ ለመግለጽ ያህል፣ ጠዋት ልጆቹን ለማድረስ ስሮጥ ቁርስ አልበላም፤ በመምህራን ክበብ አንድ ሁለት ስኒ ቡና እጠጣለሁ። ምሳዬን 7 ሰዓት ላይ በልቼ ወዲያው ቡና እደግማለሁ፤ ከሥራ ስመለስም ጎረቤቶቼ ጋር 11 ሰዓት አካባቢ ቡና አለ። ራት የምንበላው ማታ 3 ሰዓት አልፎ ነው። አልጋ ላይ ወጥቼ ስልኬን ከያዝሁ ደግሞ እኩለ ሌሊት ሳይታወቀኝ ያልፋል።

የሥነ ሕይወት መምህር (ሞጣ)

ከጻፉት ውስጥ ዓይኔን የያዘው የ11 ሰዓቷ ቡና ናት። ቡና ጉልበት ይጨምራል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። አንጎላችን ነቅቶ ሲሠራ በዋለ ቁጥር አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በውስጡ ይጠራቀማል፤ የእንቅልፍ ጫና የምንለው በአብዛኛው የእሱ ሥራ ነው። በቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካፌይን፣ በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል አዴኖሲኑ የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች ቀድሞ ይይዛቸዋል፤ ባለቤቱ ከእርሻ ሳይመለስ መደቡን የያዘ እንግዳ ማለት ነው። አዴኖሲኑ ግን መጠራቀሙን አያቆምም፤ ካፌይኑ ሲለቅ ድካሙ በአንድ ጊዜ ይወድቅብናል፣ እኛም ሌላ ስኒ እንጠራለን።

በአብዛኛው ጤነኛ ሰው ሰውነት ውስጥ የካፌይን መጠን በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በ11 ሰዓት የጠጡት ቡና ካፌይን ግማሹ ማታ 4 ሰዓት ላይ ገና በደምዎ ውስጥ አለ፤ ሩቡ ሌሊት 9 ሰዓት ላይም አለ። ነፍሰ ጡር ሴት ዘንድ ከዚህም በእጅጉ ይቆያል። አንዳንድ ሰው «እኔ ቡና ጠጥቼ ወዲያው እተኛለሁ» ይላል፤ ሊተኛ ይችላል፣ ነገር ግን ጥልቁ እንቅልፍ ይሳሳበታል፤ ጠዋትም ሳይታደስ ይነሣል። እንደ እርስዎ ተኝቼ አላረፍሁም ከሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ ከዚህ የሚመደቡ ይመስለኛል።

ቡናው ይቅር አልልም። እኛ አገር ቡና የጎረቤት ችግር የሚሰማበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ሰዓት ነው፤ ብቸኝነትም ሰውን እንደሚያደክም መዘንጋት የለበትም። የምለው ሰዓቱ ወደ ፊት ይምጣ ነው። ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት በኋላ ካፌይን ያለው ነገር ባይጠጡ፣ የማታውን ስብሰባ ደግሞ በጤና አዳም ወይም በዝንጅብል ሻይ ቢያደርጉት ጎረቤት አይቀየምም። ዝንጅብሉን ግን ከተራ ሻይ ቅጠል ጋር አያፍሉት፤ ሻይ ቅጠሉም ካፌይን አለው።

ነጋዴው (ቢቸና)

ወንድሜ፣ አቦልን ጠጥቶ በረካ ሳይደርስ የተነሣ እንግዳ በእኛ ቤት እንደ ተቀየመ ይቆጠራል። እንዴት ብሎ ነው ሰው በሰዓት ተገድቦ ቡና የሚጠጣው?

የሥነ ሕይወት መምህር (ሞጣ)

ጋሼ፣ በረካው አያስፈራኝም፤ አንዱ ቡና ውኃ እየተጨመረበት ለሦስተኛ ጊዜ ሲፈላ ካፌይኑ አብዛኛው በአቦሉ ወጥቷል። ማታ ላይ እንግዳ ሆነው የማይቀር ከሆነ በረካውን ይጠጡ፤ አቦሉን ለሌላው ይተዉለት።

ነርስ (ፍኖተ ሰላም)

አንድ ነገር ልጨምር። ቡናና ሻይ በምግብ ላይ ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጡ በእህልና በጥራጥሬ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ በብዙ ይከለክላሉ። መምህርት ምሳ በልተው ወዲያው ቡና እደግማለሁ ብለዋል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ቢያዘገዩት ከምስሩና ከጎመኑ የሚያገኙት ይበዛል።

ዲያቆን (ደብረ ወርቅ)

ጾምን ለሚከሱት ባልደረቦችዎ መልስ መስጠት እፈልጋለሁ፤ ለመከራከር ብዬ ሳይሆን ነገሩ በሁለት በኩል በተሳሳተ መንገድ ሲነገር ስለምሰማ ነው። ጾም ሥጋን የማያደክም ነው የሚል ሰው ትርጉሙን አላወቀም፤ ሥጋ እንዲደክም ታስቦበታል። ነገር ግን የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም የሚጾም ሰው ሁሉ ከዳዴ ያልወጣ ሕፃን ይመስል አይውልም፤ ገበሬው ጾሞ ያርሳል፣ ካህኑ ጾሞ ይቀድሳል። ልዩነቱን የሚያመጣው ከጾም ሰዓቱ ይልቅ ሲፈታ የሚበላው ይመስለኛል። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ በበርበሬና በዘይት በተሠራ ወጥ እንጀራ ብቻ የሚበላ፣ ጥራጥሬና አትክልት የማያገኝ፣ ማታ ደግሞ ለቀኑ ካሣ የሚከፍል ይመስል ዘግይቶ ሆዱን የሚሞላ ሰው ቢደክመው ጾሙን መክሰስ የለበትም። ከፈታ በኋላ ውኃ ለመጠጣት የሚሰንፈውም ብዙ ነው፤ የከሰዓት ራስ ምታት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

በዋሸራ ቅኔ ቤት የነበርን ሁሉ ሌሊት ቅኔ ስንቆጥር አድረን ቀን እንዴት እንደምንበረታ ይጠይቁናል። አልበረታንም፤ ቀትር ላይ ዛፍ ሥር ሸለብ እናደርግ ነበር። የኔታም አይቆጡም ነበር። ዛሬ በቢሮና በትምህርት ቤት ያለ ሰው 20 ደቂቃ ያህል እንኳ ዓይኑን ቢከድን እንደ ነውር ይታይበታል፤ ይህ ከየት የመጣ ነውር እንደሆነ አይገባኝም። ማኅሌት የሚቆሙ አገልጋዮችም ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት ትንሽ ቢያርፉ አገልግሎታቸው አይጎድልም።

የታመመ፣ ያረገዘችና የምታጠባ ደግሞ ከንስሐ አባታቸው ጋር መመካከር ይችላሉ፤ ደሙ አንሶ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ይህን ለአባቱ ለመንገር ማፈር የለበትም።

ባለ ወጥ (ደጀን)

ልጄ መምህርት፣ እኔ የምናገረው ስለ ማድ ቤት ብቻ ነው። ከሥራ ስትመለሺ ደክሞሽ ስለሆነ ሽሮ ብቻ እንደምትሠሪ እገምታለሁ። ሽሮ ጥሩ ነው፤ ባቄላውና ሽምብራው ጉልበት ነው። ከጎኑ ግን ጎመን አይጥፋ፤ ጎመኑን አፍልተሽ ውኃውን አትድፊው፤ ሲወጣ ሎሚ ጭመቂበት፤ ሎሚው ከጎመኑና ከምስሩ ያለውን ብረት እንደሚያወጣው ልጄ ጤና ኤክስቴንሽን ሆና ስትሠራ አስተምራኛለች። ሊጡም ሁለት ሦስት ቀን በእርሾ ይቡካ እንጂ ቸኩለሽ አትጋግሪው፤ ሲብላላ ነው እህሉ ያለውን የሚሰጠው። ዳጉሳም አትናቂ፤ አሁን ድሆች ብቻ የሚበሉት አድርገው ያዩታል እንጂ ለአጥንት የሚሆነው ካልሲየም በእሱ ውስጥ ብዙ ነው፤ ከጤፉ ጋር ቀላቅለሽ ጋግሪው።

ለቁርስ ጊዜ የለኝም ላልሽው፣ በሶ ማታ በጥብጠሽ አድሪ፤ ካልሆነም ጭብጦ ያዢ። ቆሎ በቦርሳሽ ይኑር፤ ገብሱን ከሽምብራና ከሱፍ ጋር ቀላቅዪው። ግብጦ ከወደድሽ ግን ምሬቱ እስኪጠፋ ለብዙ ቀን ውኃው እየተቀያየረ ካልተዘፈዘፈ አትንኪው፤ መራራው ያልወጣለት ግብጦ ያሳምማል። ከፆሙ ውጪ ደግሞ ዕንቁላልና ወተት ለልጆቹ ብቻ አትተዪ። እናት ለራሷ መጨረሻ ላይ የተረፈውን ነው የምትበላው።

ነርስ (ፍኖተ ሰላም)

እትዬ፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ትልቅ ነው። ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት አይገኝም፤ ከሥጋ፣ ከዕንቁላል፣ ከወተትና ከዓሣ ነው የሚገኘው። ጉበት ይህን ቫይታሚን ለረጅም ጊዜ ስለሚያከማች ከጾም ውጪ ወተትና ዕንቁላል የሚያገኝ ሰው በዐቢይ ጾም ምክንያት ብቻ አይጎድልበትም። የሚጎድለው በፍስክም በጾምም ሳያገኝ ለሚኖረው ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤቱ እናት ናት።

ባጃጅ አሽከርካሪ (ባሕር ዳር)

እኔ ከሰዎች የተለየ ድካም ነበረብኝ ብዬ አላምንም፤ ከመሰሎቼ ጋር ስነጋገር ሁላችንም አንድ ነን። ጠዋት ሳይነጋ እንወጣለን፤ ምሳ በልተን ስንደክም ጫት እንቅማለን፤ ምርቃናው ሲያልፍ ስሜታችን ይወርዳል፣ የምግብ ፍላጎታችንም ይዘጋል፤ እንቅልፍ እንቢ ሲለን ማታ ጨብሲ እንላለን። ጠላውም ሆነ አረቄው ቶሎ ያስተኛል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን ያነቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው እንቅልፍ እንቅልፍ አይደለም። በነጋታው ድካሙን ለማሸነፍ እንደገና ጫት። መንገድ ላይ የሚደርሰው አደጋ ሁሉ የፍጥነት ብቻ ነው ብዬ አላስብም፤ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ አሽከርካሪ ብዙ ነው።

ጫቱን ለመተው ስሞክር መጀመሪያ የከበደኝ ራሱ ጫቱ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ የማሳልፍበት ቦታ መጥፋቱ ነበር፤ ጓደኞቼ ያሉት እዚያ ነው። አሁን በዚያ ሰዓት ባጃጁን አቁሜ በጣና ዳር እስከ ወደቡ በእግሬ እሄዳለሁ። ለስላሳ መጠጥም ቀንሻለሁ፤ በአንዷ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር እንዳለ ካወቅሁ በኋላ ውኃ ይሻለኛል።

የግብርና ባለሙያ (ስናን)

ስለ እንቅስቃሴ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህ ለመምህሩ፣ ለባንክ ሠራተኛውና ለባለ ሱቁ እውነተኛ ምክር ነው። ለእነሱ ቀኑን ተቀምጠው ሲውሉ የሚሰማቸው ድካም በዕረፍት አይለቅም፤ በፍጥነት በመራመድ ነው የሚለቀው፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ቢመስልም ጡንቻና ልብ ሥራ ካላገኙ ይሰንፋሉ። ይህንኑ ምክር ግን ከጮቄ ተራራ ሥር ለምትኖር፣ ጀሪካን ተሸክማ ዳገት ለምትወጣ፣ ለጤፍ አረም ስታጎነብስ ውላ ማታ ለምትጋግር ሴት ሲነገር ሰምቼ አፍሬያለሁ። እሷ የጎደላት እንቅስቃሴ አይደለም፤ የጎደላት የሚያግዛት ሰው ነው። ወንፈል ተጠርቶ ወንዶቹ ሲያጭዱ ይበላላቸዋል ይጠጣላቸዋል፤ ጠላውን የጠመቀችው፣ እንጀራውን የጋገረችው ግን ደቦ አልወጣላትም።

ስለዚህ መምህርትን አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጆቹን የሚያደርሰው፣ ራቱን የሚሠራው፣ ልብሱን የሚያጥበው ማን ነው? ሁሉም መልስ «እኔ» ከሆነ፣ ቡናውንም ስልኩንም ብናስተካክል ድካሙ የተወሰነ ያህል ይቀራል።

ሌላም አለ። ከእኛ ወረዳ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ወጣቶች ይበዛሉ። ከተመለሱ በኋላ ለሳምንታት ትኩሳት፣ መክሳትና ድካም ይዟቸው፣ በግራ ጎናቸው ጣፊያቸው አብጦ «የበረሃ ድካም ነው፣ ያልፋል» እየተባሉ ይቆያሉ። ይህ ካላዛር ሊሆን ይችላል፤ ካልታከመ ይገድላል። እዚህ የምናወራው የልማድ ምክር ለእነሱ አይሆንም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው።

ጡረተኛው (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁም ያልነካችሁትን ልንካ። በከተማችን ክረምት ሲገባ ብርዱን ሸሽተን ከሰል ማንደጃ ቤት ውስጥ አስገብተን በርና መስኮት እንዘጋለን። ጠዋት ራሳቸው ከብዷቸው፣ ሆዳቸው እየተገለባበጠ፣ ጉልበታቸው ተሰልቦ የሚነሡ ሰዎች ዓይን ወጋን ይላሉ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ሲበዛ ተኝተው ሳሉ የሞቱ ቤተሰቦች እንዳሉ ሁሉም ሰምቷል። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፤ ሲተኙ ከቤት ይውጣ፤ ብርድ ልብስ ይጨመር። ቤት ውስጥ አብረው የሚያድሩ ሁሉ በአንድነት ጠዋት ራሳቸውን የሚያማቸው ከሆነ፣ ወጥ ከመክሰስ በፊት ማንደጃውን ይመልከቱ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ (ቡሬ)

ስለ ስልክ የተነሣው በአጭሩ ታልፏል። የስልኩ ብርሃን ሜላቶኒን የተባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ያዘገያል የሚባለው እውነት ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከብርሃኑ ይልቅ የሚጎዳን የምናየው ነገር ነው። የጦርነት ወሬ፣ የሰው ሞት፣ የማይጨበጥ ዜና አንብቦ ወዲያው የሚተኛ ልብ የለም። በዚህ ዘመን በክልላችን ያለ ሰው ከዜናው መሸሽ እንደማይችል አውቃለሁ፤ ዘመድ አዝማድ በየአቅጣጫው ስላለ መስማት አለብን። ቢሆንም ወሬው ከራት በፊት ቢሰማ፣ ስልኩም ከመኝታ ክፍል ውጪ ቢያድር ይሻላል። ለማንቂያ ነው የምይዘው የሚል ካለ ተራ የማንቂያ ሰዓት ይግዛ።

ሌላው የጠዋት ፀሐይ ነው። ከአልጋ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ደጅ ወጥቶ ብርሃን ያየ ሰው የሰውነቱ ሰዓት ስለሚስተካከል ማታም በጊዜው ያንቀላፋል። በክረምቱ ጭጋግ እንኳ የደጁ ብርሃን ከቤት አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

መምህርት ዘማርቆስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የግብርና ባለሙያው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ነካኝ፤ ለባለቤቴ የሁላችሁንም መልስ አነበብሁለት። ብዙም አልተናገረም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ልጆቹን ጠዋት የሚያደርሰው እሱ ሆኗል፤ እኔም በዚያች ሰዓት ቁርሴን በልቼ ወደ ትምህርት ቤት በእግሬ እሄዳለሁ። የ11 ሰዓቷን ቡና ለጎረቤቶቼ ሳስረዳ ከመካከላቸው ሁለቱ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ነገሩኝ፤ አሁን ቅዳሜና እሑድ ረፋድ ላይ እንሰበሰባለን። ራታችንን ወደ 1 ሰዓት ተኩል አምጥተናል። እንቅልፌ ተሻሽሏል፤ ዳገቱ ላይ ያለው ድካም ግን አልለቀቀኝም ነበር።

በጤና ጣቢያ ተመርምሬ ሄሞግሎቢኔ 11.4 ሆነ። ለታይሮይድ የሚሆን ምርመራ በሆስፒታል እንዲታይልኝ ልከውኛል፤ ለደሙ ደግሞ አይረን ከፎሊክ አሲድ ጋር ያለበት እንክብል ሰጥተውኛል። እህቴ ነርስ፣ አወሳሰዱ ላይ ግራ ገብቶኛል። ጎረቤቴ በወተት ዋጪው ትለኛለች፤ እናቴ ደግሞ ሰገራሽን ካጠቆረው ተይው ብላኛለች።

ነርስ (ፍኖተ ሰላም)

በወተት አይውሰዱት፤ ወተት፣ ቡናና ሻይ ብረቱን ስለሚይዙት ከእንክብሉ ቢያንስ በአንድ ሁለት ሰዓት ይራቁ። በባዶ ሆድ በውኃ ወይም በሎሚ ውኃ ሲወሰድ በደንብ ይገባል፤ ሆድዎን ካቃጠለዎ ግን ጥቂት ምግብ ቀምሰው ይውሰዱት፤ ከማቆም ይሻላል። ሰገራ መጥቆሩ የሚጠበቅ ነው፤ እናትዎን ያረጋጉልኝ። ሆድ ድርቀት ከመጣ ውኃ፣ ጎመንና ተልባ ያብዙ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጉልበትዎ ሲመለስ እንክብሉን ለመተው ይፈተናሉ፤ አብዛኛው ሰው የሚያቋርጠው እዚያ ላይ ነው። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም ባዶ የሆነው የሰውነት ክምችት እስኪሞላ ሦስት ወር ያህል መቀጠል ያስፈልጋል፤ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ተመልሰው ያስለኩ፤ ካልጨመረ የወር አበባው መብዛት፣ የሆድ ትል ወይም ሌላ የደም መፍሰስ እንዳለ መታየት አለበት። ፓኬቱን ልጆቹ ከማይደርሱበት ቁም ሳጥን ላይ ያድርጉት፤ ለትልቅ ሰው መድኃኒት የሆነው አይረን ብዙ ፍሬ ለዋጠ ሕፃን ገዳይ መርዝ ነው።